እማማ ሽክን ማልበስ

እማማ ሽክ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እንኳ ሻርፓቸው ከጫማቸው ጋር ሳይስማማ ከበር አያልፉም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም አለቃ የሚጠብቃቸው ይመስል፣ ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ጉርዳቸውን አስተካክለው፣ የጆሮ ጌጣቸውን አድርገው ነበር ለቁርስ የሚቀርቡት። ጎረቤቱ "ዛሬ ደግሞ ምን ለብሰው ይሆን?" እያለ በመስኮት ያያቸዋል። እሳቸውም እንደሚታዩ ያውቃሉ፤ አውቀውም እርምጃቸውን ቀዝቀዝ ያደርጉታል።

የልጃቸው ሚስት ደግሞ እንጀራዋ ሌላውን ማልበስ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ባለ የልብስ ሱቅ ውስጥ የመስኮቱን አሻንጉሊቶች የምታለብሰው እሷ ስለሆነች፣ የሥራ ጓደኞቿ "አልባሿ" ብለው ይጠሯታል። ወቅት በተለወጠ ቁጥር ባለሱቋ ከፓሪስና ከሚላን የፋሽን ትርኢት የወጡ ፎቶዎችን ስልኳ ላይ ሰብስባ ትመጣና "በይ እንግዲህ፣ ባለን ነገር ይህንን አምጪልኝ" ትላታለች። ያለው ነገር ሁልጊዜ ከፎቶው ያነሰ ነው። እዚያ በረዶ ላይ የሚለበሰውን እዚህ ለዝናብና ለጭቃ እንዲሆን ማድረግ፣ ሐሩን ሐር በሚመስል መተካት፣ ያንኑ ያምናውን ኮት በቀበቶ አስሮ አዲስ ማስመሰል የእሷ ፋንታ ነው። ተክናበታለች። መስኮቱ ፊት ቆመው "ይቺ የለበሰችውን ከነሻርፑ አምጪልኝ" የሚሉ ደንበኞች ሞልተዋል።

ለራሷ ግን ግድ የላትም። ጥቁር ሱሪ፣ ግራጫ ሹራብ፣ በቃ። እማማ ሽክ ይህ ነገር አይዋጥላቸውም። ገና ሙሽራ ሆና የገባች ሰሞን ከላይ እስከ ታች ቃኝተዋት "የኔ ልጅ፣ ልብሱን ለብሰሽው ነው ወይስ ተደብቀሽበት?" አሏት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ አማትና ምራት ሳይጣሉም ሳይቀራረቡም፣ እየተከባበሩ ተራርቀው በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ።

አንድ ቀን ጠዋት እማማ ሽክ ሻርፕ ሲተኩሱ ካውያው ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ቀኝ እግራቸው ከዳቸውና ወለሉ ላይ ተዘረሩ። አልባሿ ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ነበርና ድምፁን ሰምታ ሮጣ ገባች። አማቷ ዓይናቸው እንደተከፈተ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን አይወጣውም።

ስትሮክ ነው ተባለ። ሆስፒታል ሰንብተው ሲመለሱ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ብለው፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር። ያ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ምላሳቸው ተሳሰረ። ከቃል ሁሉ አንዲት "ቆይ" ብቻ ቀረቻቸው። ውኃ ሲጠማቸው "ቆይ"፤ ሲያማቸው "ቆይ"፤ ሲናደዱ "ቆይ! ቆይ! ቆይ!"

ልጃቸው መብራት ዘርጊ ነው። የተበላሸ ነገር መጠገን ይወዳል፤ የማይጠገን ሲገጥመው ግን መግቢያ ይጠፋዋል። እናቱን እንዲህ ሆነው ማየት ሲከብደው ገበያ ወጣና ሰፋፊ፣ ፊት ለፊት የሚቆለፉ፣ ቀለማቸው የሆስፒታል መጋረጃ የሚመስል የሌሊት ልብሶች ገዝቶ መጣ።

"ለማልበስም ለማጠብም ይመቻል" አለ።

አልባሿ አየቻቸውና ዝም አለች። ስለ እናቱ እሱ ያውቃል ብላ ነው። ደግሞስ አንድም ቀን ምርጫዋን ወደውላት በማያውቁ ሴት ልብስ፣ አሁን ምን አገባት?

እማማ ሽክ ጠያቂ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ማዞር ጀመሩ። ጎረቤቶች መጀመሪያ "ደክሟቸው ነው" አሉ፤ ኋላ ቅር አላቸው፤ ቀስ በቀስም መምጣቱን ተዉት። ይህ ሳያንስ፣ ሐኪሙ በቶሎ እንዲጀምሩት ያዘዘላቸውን የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና እምቢ አሉ። ታክሲ ተጠርቶ፣ ልጃቸው አቅፏቸው ከበሩ ሊወጣ ሲል በደህናው እጃቸው የበሩን መቃን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

"እማዬ፣ በፈጠረሽ! ሕክምናው እኮ እዚሁ ነው።"

"ቆይ!"

"ምኑን ነው የምቆየው? ሐኪሙ አሁን ነው ብሏል። ነገ ብታለቅሺ አይመለስም!"

"ቆይ! ቆይ!"

ታክሲው ባዶውን ሄደ። በሌላም ቀን ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ያን ቀን ልጃቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በእጆቹ ያዘ። "ተስፋ ቆርጣለች" አላት ለሚስቱ፣ "መሞት ነው የፈለገችው።"

አልባሿ ግን አንድ ነገር አይታለች። የአማቷ ግራ እጅ መቃኑን ሲለቅ የሄደው ወደዚያ የሌሊት ልብስ አንገት ነው። አንገቱን እየጨመደዱ ሊዘጉት፣ ጫፉን እየሳቡ ጉልበታቸውን ሊሸፍኑ ሲታገሉ ነበር።

"መሞት አይደለም የፈለጉት" አለች። "እንዲህ ሆነው ሰው እንዲያያቸው አልፈለጉም።"

ባሏ ቀና ብሎ አያት። "እናቴ እየሞተች አንቺ ስለ ልብስ ታወሪልኛለሽ?"

 እሱም ያለ ልማዱ በር ወርውሮ ወጣ።

በዚያ ሳምንት ሱቁ የመጸው ልብስ ወደ መስኮት የሚያወጣበት ጊዜ ነበር። ባለሱቋ ስልኳን ይዛ መጣች። የዘንድሮው ፎቶ ሁሉ ሰፋፊ ሱሪ፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ፣ ብርድ ልብስ የሚያህል ሻርፕ፣ ከዚያም በላይ ትከሻ ላይ ብቻ ጣል የተደረገ ካፖርት ነው። አንዷም ሞዴል እጇን እጅጌ ውስጥ አላስገባችም።

"አየሽልኝ አይደል?" አለች ባለሱቋ፣ "ዘንድሮ እጅጌ ለጌጥ ነው አሉ። እጅ ያላትም የሌላትም እኩል ሆነዋል።"

ቀልዷን ነው። አልባሿ ግን የግመል ቀለም ያለውን ካፖርት እንደያዘች ቆማ ቀረች። አሻንጉሊቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው፤ ዞራ አየችው፤ መልሳ አነሳችውና እንደገና ጣለችው። እጅ አያስፈልገውም። አልጋ ላይ ለተኛ ሰው አስቸጋሪ የሆነው ሁሉ፣ እጅጌው፣ ዚፑ፣ ጠባቡ ወገብ፣ ተረከዙ፣ ዘንድሮ ከፎቶው ውስጥ የለም።

ቅዳሜ ባሏ ሥራ ሲወጣ የአማቷን ቁምሳጥን ከፈተች። አንድ ነጭ ሹራብ መርጣ የቀኝ ጎኑን ከብብቱ ጀምሮ ፈታችና ጠቅ የሚል አዝራር ሰፋችበት። ከምትሠራበት ሱቅ ያመጣችውን ወይን ጠጅ ሰፊ ሱሪና የግመል ቀለም ያለውን ካፖርት ደረደረች። ከዚያ እማማ ሽክን አስነሥታ፣ ከሆስፒታል በመጡበት ዊልቸር ላይ አስቀምጣ ታለብሳቸው ጀመር። ጎበዝ እንደመሆኗ እጇ ፈጣን ነው። መርፌ ቁልፉን በከንፈሯ ነክሳ፣ የማይታዘዘውን ክንድ አንሥታ አስገባች፤ ሱሪውን አጠለቀች፤ ካፖርቱን ጣለች፤ ሻርፑን ልክ በፎቶው እንዳለው አዙራ አሰረች። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽታ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየች። ድንቅ ነበር። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ አንዱ ምርጥ ነበር። መስታወቱን ጎትታ ፊታቸው አቆመችላቸው።

እማማ ሽክ ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ግራ እጃቸው ተነሥቶ ሻርፑን ጨመደደና ሳበው። ቋጠሮው እንደመፈታት ጠበቀ። "ቆይ! ቆይ!" እያሉ በሳቡ ቁጥር አንገታቸውን አነቃቸው፤ እንባቸው በዚያ በተጣመመ አፋቸው በኩል ዱብ ዱብ አለ።

አልባሿ ደንግጣ ሻርፑን ፈታችላቸው። ቀጥሎ እልህ ያዛት። "ምን አጠፋሁ? እሺ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?" አለችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አንዲት ልቅም ያለች ሥራ ሠርታ እንዲህ መሆኑ አንጀቷን አሳረራት። ከታች ሆና ቀና ስትል ግን ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ያኔ ነው የገባት። ማልበስ ከጀመረች አንሥቶ እኚህን ሴትዮ አንድም ጊዜ ፊታቸውን አላየችም። አንድም ቃል አልጠየቀችም። ክንዳቸውን ያነሣችው የአሻንጉሊቶቿን ክንድ በምታነሣበት እጅ ነው።

"ይቅርታ፣ እማማ" አለች። 

ከወለሉ ተነሣች። ዊልቸሩን ገፍታ ቁምሳጥኑ ፊት አቆመችው፤ ሁለቱንም በር በረገደች። መስቀያዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ታሳያቸው ጀመር። "ይሄ? … ይሄስ?" እማማ ሽክ በመጀመሪያ ያወጣችውን ሁሉ በግራ እጃቸው ገፉት። በኋላ "ቆይ" አሉ፤ አሁን ግን ድምፁ ሌላ ነበር፤ ዓይናቸው አንድ ጥግ ላይ ተተክሏል። አልባሿ እጇን ሰድዳ ከጥግ የጎተተችው፣ ድንች የሚያካክል ቁልፍ ያለው አሮጌ ጥቁር አረንጓዴ ካፖርት ነው። ወዲያው ደግሞ ነጠብጣብ ያለበት ቢጫ ሻርፕ በጣታቸው አሳዩ።

"እንዴ እማማ! ይሄ ከዚህ ጋር አይሄድም።"

"ቆይ።"

"ፓሪስም ብንሄድ፣ ሚላንም ብንሄድ አይሄድም!"

"ቆይ!" አሉ፣ በግራ እጃቸው የዊልቸሩን ክንድ መታ አድርገው።

አልባሿ ሳቅ አፈናት። በሻርፑ ተሸነፈች፤ በወይን ጠጁ ሱሪ ግን አልለቀቀችም። ጠዋቱ በሙሉ በድርድር አለፈ። ካፖርቱ ትከሻቸው ላይ ከተጣለ በኋላ ያ ባለ ድንች ቁልፍ እንኳ አምሮባቸው አገኘችው፤ ይህን ግን አልነገረቻቸውም። እማማ ሽክ መስታወቱን አዩ። አገጫቸው ቀና አለ። ከዚያ የምራታቸውን ግራጫ ሹራብ ከላይ እስከ ታች ቃኝተው፣ እጃቸውን ወደ ቁምሳጥኑ ዘርግተው አንድ ቀላ ያለ ሻርፕ ጠቆሙ፤ ቀጥለው ወደ እሷ አንገት።

"እኔ ደግሞ?"

"ቆይ።"

አንገቷ ላይ ጠመጠመችው።

ባሏ ሲገባ እናቱ ለብሰው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። ወጥ ቤት ገባና ቧንቧውን ከፈተ። ውኃው ብዙ ጊዜ ፈሰሰ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "ታክሲ ልጥራ?" አለ። እማማ ሽክ በጣታቸው ወደ መንገዱ አሳዩ። ወደ ሕክምናው በዊልቸር፣ ሰው እያየ መሄድ ነው የፈለጉት። ልጃቸው ሲገፋ ቸኮለ፤ እሳቸው እጃቸውን አንሥተው አዘገዩት። ባለመድኃኒት ቤቱ ከደጁ ሆኖ "እማማ ሽክ! ኧረ እንኳን ለዚህ አበቃዎት!" አለ። እሳቸው ራሳቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው ሰላምታውን ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲህ ሕክምናው አልተቋረጠም። እግራቸው ቀስ በቀስ ተስፋ ሰጠ፤ የመራመጃውን ብረት ተደግፈው መቆም፣ ኋላም ክፍሉን ማቋረጥ ቻሉ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደሞተ ቀረ። ማታ ማታ አልባሿ ስልኳን ታመጣና ባለሱቋ የላከቻቸውን ፎቶዎች አብረው ያያሉ። እማማ ሽክ በግራ ጣታቸው እየገፉ አንዷን ይንቃሉ፣ አንዷን ያደንቃሉ። ለብርድ ወራት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው፣ አመድማ ባርኔጣ ጣል አድርገው የወጡ ዕለት ሰፈሩ ለሳምንት አወራ። ባልየው አንድ ቀን ብቻውን ሊያለብሳቸው ሞክሮ ሹራቡን ከፊት ወደ ኋላ አዙሮ ቢያጠልቅላቸው፣ እናቱ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ሳቁ።

ብርዱ ሊወጣ ሲል የጸደይ ፎቶዎች መጡ። እማማ ሽክ አንዷ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው "ቀይ" አሉ።

"እሺ፣ እቆያለሁ" አለች አልባሿ።

"ቀይ!"

"ኧረ ቆየሁ እኮ እማማ፣ አላለፍኳትም።"

"ቀ…ይ! ቀይ!" ጣታቸው ስልኩን ሊበሳው ደረሰ። አልባሿ ስታይ ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ከአንገት እስከ እግር ቀይ ለብሳለች። አፏን በእጇ ያዘች። አዲስ ቃል ነው! ባሏን ጠርታ፣ ሦስቱም "ቀይ፣ ቀይ" እየተባባሉ እንደ ልጅ ሆኑ። እኚያ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀይ ለብሰው አያውቁም። ለመሥሪያ ቤት አይሆንም፣ ለባለትዳር አይሆንም፣ ለመበለት አይሆንም እያሉ ኖረው ጸጉራቸው ሸበተ።

ቀዩን ጨርቅ ራሳቸው ነክተው መረጡ። አልባሿ ልብሱን ከኋላ እንዲከፈት አድርጋ ራሷ ሰፋችው። ጠርዙ ገና በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ አንድ ጊዜ ለኩት። መስታወቱን ሲያዩ ጉንጫቸው ቀላ። "ጠርዙን ልጨርስና ለጸደይ እንወጣበታለን" አለቻቸው።

ጸደይን አላዩትም። ሁለተኛው ስትሮክ በእንቅልፍ ላይ እያሉ መጣ፤ ጠዋት ልጃቸው ሊያስነሣቸው ሲገባ ቀዝቅዘው አገኛቸው።

ከሌላ ከተማ የመጣችው ሴት ልጃቸው አልቅሳ ስታበቃ፣ እናቷ ለቀብር የሚለብሱትን ለመምረጥ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ጥቁር ሰማያዊ የቢሮ ሙሉ ልብስ አወጣች። አልባሿ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቀዩን ልብስ ጠርዝ እየጨረሰች ነበር።

"እሱ ለማን ነው?" አለቻት የባሏ እህት።

"ለእማማ።"

"ቀይ? ለመቃብር? አብደሻል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?"

"የመረጡት እሳቸው ናቸው።"

"መናገር የማይችል ሰው ምን ይመርጣል! የሱቅሽ አሻንጉሊት አደረግሻት እኮ!"

ይህ ቃል ገብቶ ተሰነቀረባት። እውነት የሆነበት አንድ ጠዋት ነበርና ልትከራከር አልቻለችም፤ መርፌዋን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። በእሷ ፈንታ የመለሰው ባሏ ነው።

"ቀይ ብላለች" አለ። "እዚሁ ነበርኩ። በአፏ ነው ያለችው። ሰው ምን ይላል እያለች ነው እስከ ዛሬ ሳትለብሰው የኖረችው፤ አሁን ሰው ምን ያደርጋታል?"

እህቱ ሙሉ ልብሱን አልጋው ላይ ወርውራ ወጣች። ባልና ሚስት ሁለቱ ብቻቸውን አለበሷቸው። አልባሿ ፊታቸውን እያየች፣ "አሁን እጅዎን ላነሣ ነው እማማ" እያለች ነው ያለበሰቻቸው። ጨርሰው እንደቆሙ በሩ ተከፈተና እህትየው ተመልሳ ገባች። ለረጅም ጊዜ እናቷን አየች። ከዚያ ከመሳቢያው የጆሮ ጌጣቸውን አወጣች፤ አንዱን አደረገችላቸው፤ ሁለተኛው አልገባ ቢላት ለአልባሿ ሰጠቻት።

ሰውማ ብሎ ነበር። ግማሹ "ነውር ነው"፣ ግማሹ "እማማ ሽክ ናቸዋ!" አለ። ከቤቱ ማንም መልስ የሰጠ የለም።

በዚያ ጸደይ አልባሿ መስኮቱን ልትሠራ አልቻለችም። ቀለም ከቀለም አልገናኝ አላት። ባለሱቋ ለሌላ ሠራተኛ ሰጠችውና እሷን ደንበኛ እንድታስተናግድ ወደ ውስጥ አስገባቻት። አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት ዘናጭ ወጣት ሴት ጠና ያሉ እናቷን ይዛ መጣች።

"ለእሷ ነው" አለች ስልኳን እያሳየች። "ይቺን ኮት፣ ይህን ሱሪ። ቁጥሯን እነግርሻለሁ። ቀለሙ ቢዥ ይሁን፤ ቢዥ ይሄድላታል።"

እናቲቱ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። አልባሿ ኮቱን ከመስቀያው አላወረደችም። ወደ እሳቸው ሄደች።

"እርስዎስ እማማ፣ ምን ይወዳሉ?"

"እኔማ…" አሉና ልጃቸውን አዩ። "እኔ ምን አውቄ።"

"እማ፣ እየመሸብን ነው" አለች ልጅቷ።

እናትየው ግን ዓይናቸው ወደ መደርደሪያው ሄዶ ነበር። አንዱን እጅጌ ነኩ፤ ለቀቁት፤ ሌላውን ነኩ። ባለሱቋ ከባንኮው ጀርባ ሆና በዓይኗ "አጣድፊያቸው" አለቻት። አልባሿ ሄዳ ወንበር አመጣችላቸው።